ዊልቸሩ ሲቆም ማን ይመጣል?

የኤሌክትሪክ ዊልቸር መንገድ ላይ ቢቆም ባለቤቱ ወርዶ አይገፋውም። ብዙዎቹ ከነባትሪያቸው 100 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናሉ፤ የተቀመጠው ሰው ክብደት ሲታከልበት አላፊ አግዳሚ ተረባርቦ እንኳ በቀላሉ የማያነሳው ሸክም ይሆናል። በሽተኛን ከአልጋ የሚያነሳው ማሽን ከተበላሸ ሰውየው በዚያ ቀን ከአልጋው አይወርድም። ደረጃ የሚያወጣው ወንበር እምቢ ካለ ደግሞ አዛውንቷ ወይ ታች ሶፋ ላይ ያድራሉ፣ ወይ ፎቅ ላይ ተዘግተው ይውላሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ሲሰጡ ፎቶ ይነሣል፣ ምርቃት ይወርዳል። ከዓመት በኋላ ሲቆሙ መጥቶ የሚያስነሳቸው ሰው ግን ስሙም ሙያውም እምብዛም አይታወቅም። ይህ ጽሑፍ ያንን ሙያ ያብራራል፦ ቴክኒሻኑ ምን ያያል፣ በምን ቅደም ተከተል ያስባል፣ ምን ይነካል፣ ምንስ አይነካም።

ሙያውና መሣሪያዎቹ

ሙያው መልክ ይዞ ከተደራጀባቸው አገሮች አንዷ ብሪታኒያ ስለሆነች ምሳሌያችንን ከዚያ እንውሰድ። በዚያ አገር ዊልቸር ለዘለቄታው የሚያስፈልገው ሰው ኤንኤችኤስ በሚባለው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በኩል ተመርምሮ ሊሰጠው ይችላል፤ የጥገናው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ በኮንትራት ለኩባንያዎች ይተላለፋል። የኩባንያው ቴክኒሻን፣ በአገሩ አጠራር «ፊልድ ሰርቪስ ኢንጅነር»፣ ወርክሾፕ ተቀምጦ ዕቃ እስኪመጣለት አይጠብቅም። መለዋወጫ በጫነ መኪና ከሰው ቤት ሰው ቤት፣ ከአረጋውያን መጦሪያ ሆስፒታል ይዞራል።

በእጁ የሚያልፉት ዕቃዎች ብዙ ናቸው። በእጅ የሚገፋ ዊልቸር፣ የኤሌክትሪክ ዊልቸር፣ ስኩተር፣ በሽተኛ የሚያነሳ ማሽን፣ የደረጃ ሊፍት፣ ጀርባውና እግሩ በሞተር ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ፣ በአየር የሚሠራ ፍራሽ። በእጅ የሚገፋው ዊልቸር እድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሪ ጄኒንግስ ለጓደኛው ለኸርበርት ኤቨረስት የሠራው ታጣፊ ወንበር ቅርጹ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ ይታያል፤ ከመቀመጫው ሥር በመስቀል የተጠላለፉት ሁለት ብረቶች የዚያ ንድፍ ምልክት ናቸው። የኤሌክትሪኩን ደግሞ ካናዳዊው ጆርጅ ክላይን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እጃቸውም እግራቸውም ለማይታዘዝላቸው የቀድሞ ወታደሮች ብሎ አሻሽሎ ሠራው።

የዕቃዎቹ ብዛት አዲስ ገቢን ያስደነግጣል። ሆኖም የኤሌክትሪኮቹ ውስጣቸው ሲከፈት ዘመዳማቾች ናቸው። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሁለት የ12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጡታል። በሽተኛ የሚያነሳው ማሽንም ሆነ የደረጃው ሊፍት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በ24 ቮልት ይሠራሉ። በሁሉም ውስጥ ባትሪ፣ ሞተር፣ ማዘዣ ቁልፍ፣ ትእዛዙን ወደ ሞተሩ የሚያደርስ ሰሌዳና ሰውን ከአደጋ የሚጠብቁ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። እነዚህን አምስት ነገሮች የተረዳ ሰው አዲስ ሞዴል ሲገጥመው ከዜሮ አይጀምርም።

የቆመ ማሽን ብዙ ጊዜ ታዝዞ ነው የቆመው

የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። ሰውን የሚሸከም መሣሪያ ሲሠራ መሐንዲሶቹ አስቀድመው የሚጠይቁት «ቢበላሽ ምን ይሆናል?» የሚለውን ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ይቁም» እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል።

የኤሌክትሪክ ዊልቸር ፍሬን ጥሩ ማሳያ ነው። በመኪና ፍሬን የሚይዘው ሹፌሩ ሲረግጥ ነው። በዊልቸሩ ግን ፍሬኑን ሁልጊዜ ጨምቆ የሚይዘው ሞላ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ለማስለቀቅ ነው። ጆይስቲኩ ሲነካ ኤሌክትሪክ ሄዶ ፍሬኑን ይለቃል፣ ሞተሩ ይዞራል፤ ጆይስቲኩ ሲለቀቅ፣ ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሽቦ ሲበጠስ ሞላው መልሶ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ዳገት ላይ ባትሪው ያለቀበት ሰው ወደ ኋላ አይንሸራተትም። ወንበሩን በእጅ ለመግፋት ሲፈለግ ደግሞ ሞተሮቹን ከጎማው የሚያላቅቁ ማንሻዎች አሉ። ቤተሰቡ ማንሻዎቹን ለቆ ወንበሩን ከገፋ በኋላ መመለሱን ከረሳ ዊልቸሩ በርቶም አይሄድም። አልተበላሸም፤ ፍሬኑ በሌለበት አልሄድም እያለ ነው።

የደረጃው ሊፍትም እንዲሁ ነው። እግር ማሳረፊያው ጠርዝ ላይ የተደበቁ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፤ ጫማ ወይም የልጅ መጫወቻ ሲነካቸው ወንበሩ ቀጥ ይላል። መቀመጫው ለመውረድ ዞሮ በትክክል ካልተመለሰም አይንቀሳቀስም። በሽተኛ የሚያነሳው ማሽን ቀይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ አለው፤ አንዴ ከተጫኑት ተጠምዝዞ እስኪለቀቅ ድረስ ማሽኑ ዝም ይላል። ቻርጀር የተሰካበት ዊልቸርም ሰው ገመዱን እየጎተተ እንዳይሄድ ሞተሩን ይቆልፋል።

ስለዚህ ጎበዝ ቴክኒሻን የቆመ ማሽን ፊት ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው የትኛው ጠባቂ እንዳስቆመው ነው። ጥያቄው ብዙ ጉዞ ስለሚያስቀርም በስልክ ይጀመራል። የግድግዳው ማብሪያ በርቷል? ቀዩ ቁልፍ ተጭኖ ይሆን? ከእግር ማሳረፊያው ሥር ዕቃ አለ? ማንሻዎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል? ስንት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ለምሳሌ በብዙ ዊልቸሮች ላይ በሚገኘው ቪአር2 በተባለው መቆጣጠሪያ ብልጭ የሚሉት መብራቶች ቁጥር ትርጉም አለው። 1 ሲሆን ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል ወይም ግንኙነቱ ላልቷል፤ 2 ሲሆን የግራው ሞተር፣ 4 ሲሆን የቀኙ ሞተር ግንኙነት ተቋርጧል፤ 6 ሲሆን ቻርጀር ተሰክቷል፤ 7 ሲሆን የጆይስቲኩ ችግር ነው፤ 9 ሲሆን ከፍሬኑ ጋር ያለው ግንኙነት ተበላሽቷል። ቁጥሩን በስልክ የሰማ ቴክኒሻን መኪናው ላይ ምን እንደሚጭን ያውቃል። ቁጥሩ ግን አቅጣጫ እንጂ ፍርድ አይደለም። 2 መብራት አየሁ ብሎ የግራውን ሞተር የሚቀይር ሰው፣ ሁለት ደቂቃ ተንበርክኮ ቢያይ ኖሮ ከሶኬቱ የወጣ ስፒና ያገኝ ነበር።

ጠባቂዎቹን አልፎ ማሠራት በዚህ ሙያ ትልቁ ኃጢአት ነው። ማብሪያ ማጥፊያው እያስቸገረ ነው ብሎ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ መሄድ ማሽኑን ለዛሬ ያንቀሳቅሰዋል። ነገ ግን የሰው እግር ሲይዝ የሚያስቆመው ነገር የለም።

አንድ ብልሽት ከሥሩ ሲመረመር

አሁን አንድ ሁኔታ እንበልና እንከተለው። ለንደን የሚኖሩ አንዲት እናት የኤሌክትሪክ ዊልቸራቸው «ጠዋት ሙሉ ይላል፣ ገበያ ሳልደርስ ይቆማል» ብለው ደወሉ። የመጣው ቴክኒሻን ያገራቸው ልጅ ነው።

«እማማ፣ ቻርጅ ረስተው ይሆን?» ብሎ ቢጀምር ጥፋተኛ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው መከላከያ ብቻ ነው። ጥያቄውን ቢያዞረው ይሻላል። «እማማ፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ይሰኩታል? የሚነቅሉትስ? ሲቆም ዳገት ላይ ነበሩ ወይስ ሜዳ ላይ?» እሳቸውም «ከእራት በኋላ ሰክቼ ልተኛ ስል እነቅለዋለሁ፤ ተሰክቶ ማደሩ ያስፈራኛል» ቢሉ ቴክኒሻኑ ገና ካቻቢቴ ሳያነሣ ግማሹን መልስ አግኝቷል።

ቀጥሎ መለኪያውን ያወጣል። ቆሞ ባለ ዊልቸር ላይ ሁለቱ ባትሪዎች ተደምረው 25.6 ቮልት ቢያሳዩ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 12.8 ቢሆኑ፣ ጤነኛ ይመስላሉ። ግን ያረጀ ባትሪ ግማሹን ደለል የሞላው ጋን ነው፤ ከላይ ሲያዩት ውኃው እስከ አፉ ደርሷል፣ ሲቀዱት ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በሥራ ላይ እያለ መለካት አለበት። ዊልቸሩ ዳገት ሲወጣ ወይም ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት አንዱ ባትሪ 12.2 ላይ ሲቆይ ሌላው ወደ 10 ቮልት ቢወርድ የደከመው ተገኘ።

አንዱ ብቻ ደክሞ ሁለቱም ለምን ይቀየራሉ? በተከታታይ የተያያዙ ባትሪዎች አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ያልፍባቸዋል፣ በአንድ ቻርጀርም ይሞላሉ። አዲሱና አሮጌው ከተቀላቀሉ አሮጌው ቶሎ ይራቆታል፤ ቻርጀሩም የሁለቱን ድምር ብቻ ስለሚያይ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ አዲሱም ይከተለዋል። ባትሪ በጥንድ የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባትሪ መቀየር ግን የምርመራው መጨረሻ አይደለም። መጀመሪያ ግንኙነቶቹ ይታያሉ፦ የላላ ዳዶ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ጫፍ፣ የተቃጠለ ስፒና። ከዚያ ቻርጀሩ ይለካል፤ በሥራ ላይ ያለ የ24 ቮልት ቻርጀር ባትሪውን ለመሙላት ከ28 ቮልት በላይ መስጠት አለበት። ቀጥሎ ሸክሙ ይታያል። ጎማው የጎደለ፣ የፊት ጎማዎቹ ዘንግ ላይ ፀጉርና ክር የተጠመጠመበት፣ ኩሽኔታው የተያዘ ዊልቸር ሞተሩን ስለሚያስጨንቀው ደህናውን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ብዙ ጊዜ «የባትሪ ችግር» የተባለው በመቀስና በመንፊያ ይፈታል።

በመጨረሻ ልማዱ ይነሣል። በዊልቸር ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሊድ አሲድ ባትሪ ለመሙላት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። አመልካቹ ቶሎ አረንጓዴ ወደሚሆንበት ቢጠጋም የመጨረሻው ክፍል በዝግታ ነው የሚሞላው። በየማታው ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ የሚሰካ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ሆኖ ስለሚቆይ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች በሰልፌት ይሸፈናሉ፤ ይህ ሲደነድን አቅሙ አይመለስም። እናታችን ልማዳቸው ካልተስተካከለ አዲሱም ባትሪ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ፍርሃታቸውም መናቅ የለበትም። መልሱ ዊልቸሩን ከአምራቹ በመጣው ቻርጀር ብቻ መሙላት፣ አልጋ ልብስና መጋረጃ እንዳይነካው ማራቅ፣ ከቤት የሚወጣበትን መተላለፊያ እንዳይዘጋ ማስቀመጥና ከተቻለ ነቅተው በሚውሉበት ሰዓት ረዘም አድርጎ መሰካት ነው።

እንግዲህ ከአንድ «ቶሎ ያልቃል» ከሚል ቅሬታ ውስጥ አራት ነገር ተመረመረ፦ ባትሪው ከነግንኙነቱ፣ የሚሞላው ቻርጀር፣ የሚሸከመው ሸክምና የተጠቃሚዋ ልማድ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ያየ ቴክኒሻን በወሩ እዚያው በር ላይ ይመለሳል።

ሰውን የሚያነሳ ማሽን የራሱ ሕግ አለው

በእጅ የሚገፋ ዊልቸር ቢሰበር ሰውየው መሬት ላይ ይወድቃል። የማንሻ ማሽን ቢሰበር ግን ከአየር ላይ ነው የሚወድቀው፤ ያውም ብዙ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው። የብሪታኒያ ሕግ ይህን ለይቶ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሎለር የሚባለው የማንሻ መሣሪያዎች ደንብ በሥራ ቦታ ሰው የሚያነሳ መሣሪያና አብረውት የሚያገለግሉ የማንሻ ዕቃዎች፣ ሌላ የተጻፈ የምርመራ ዕቅድ ከሌለ በቀር፣ ቢያንስ በየ6 ወሩ በባለሙያ እንዲመረመሩ ያዝዛል። ዕቃ ብቻ ለሚያነሱት 12 ወር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቀው ነገር አለ። ሰርቪስና ምርመራ አንድ አይደሉም። ሰርቪስ ግሪስ መቀባት፣ የላላ ማጥበቅ፣ ያረጀ መቀየር ነው። ምርመራ ግን ፍርድ ነው። መርማሪው «ይህ ማሽን እስከሚቀጥለው ምርመራ ሰው ሊያነሳ ይችላል ወይስ አይችልም?» ለሚለው በጽሑፍ ይመልሳል፣ ይፈርምበታልም። ለሰው አደጋ የሚሆን ጉድለት ካገኘ ወዲያውኑ ለባለቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ አደጋው ከባድና የቀረበ ከሆነ የሪፖርቱን ግልባጭ ሕጉን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤትም ይልካል።

ምርመራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ዋናው ምሰሶ ከመሠረቱ ጋር የተያያዘበት ብሎን፣ ክንዱ የሚታጠፍበት ፒን፣ መንጠቆዎቹና ጨርቁ እንዳያመልጥ የሚይዙት ምላሶች፣ የሚገፋው ሞተር፣ የእግሮቹ መከፈትና መዘጋት፣ የጎማዎቹ ፍሬን። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ሰውየውን በእጅ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው መሣሪያ በተግባር ይሞከራል፤ መኖሩን የሚናገር ጽሑፍ ማየት በቂ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን በሽተኛው የሚታቀፍበት ጨርቅ ነው። ብረቱ ዓመታት ሲቆይ ጨርቁ በየሳምንቱ ይታጠባል፣ በሙቀት ይደርቃል፣ በበረኪና ይነካል። መርማሪው ስፌቱን በጣቱ እየተከተለ ያያል፣ የማንጠልጠያ ቀለበቶቹን ይዘረጋል፣ ምልክቱ ላይ ያለው የክብደት ልክና መለያ ቁጥር ይነበብ እንደሆነ ያረጋግጣል። ምልክቱ የጠፋ ጨርቅ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ከሥራ ይወጣል፤ ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚናገርለት የለምና። የተተረተረውን ቤት ውስጥ በመርፌ ሰፍቶ መመለስም የተከለከለ ነው። ማሽኑ 200 ኪሎ፣ ጨርቁ 160 ኪሎ የሚችሉ ከሆነ አብረው የሚችሉት 160 ነው፤ ልኩ የሚወሰነው በደካማው ነው።

ቴክኒሻኑ የማይነካው

ዊልቸር ላይ አንዳንድ ብሎኖች የመካኒክ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ግን የሐኪም ትእዛዝ ናቸው። የመቀመጫው ዝንባሌ፣ የጀርባው ከፍታ፣ የእግር ማሳረፊያው ርዝመት፣ የራስ መደገፊያው ቦታ በፊዚዮቴራፒስት ወይም ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዲያከናውን በሚያግዙ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች ተለክተው የተወሰኑ ናቸው። ቴክኒሻን ሞተር ለመቀየር ጀርባውን ፈቶ ሲመልስ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ቢያደርገው ማሽኑ በደንብ ይሠራል፤ ሰውየው ግን ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ከወገቡ በታች ስሜት ከሌለው ሳይታወቀው ቆዳው ይቆስላል። የአልጋ ቁስል የሚባለው ዊልቸር ላይም ይመጣል፤ ለመዳን ደግሞ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ቦታው ምልክት ይደረግበታል ወይም ፎቶ ይነሣል።

ትራሱም እንዲሁ ነው። ለቁስል መከላከያ የሚሰጥ ትራስ ፊትና ኋላ አለው፤ ተገልብጦ ከተቀመጠ ጥቅሙ ይቀራል። በአየር ለሚሠሩት አንዳንድ ትራሶች ቀላል መፈተኛ አለ፦ ሰውየው ተቀምጦ ሳለ እጅ ከሥሩ ገብቶ ከመቀመጫ አጥንቱና ከትራሱ ወለል መካከል ከ1.5 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩ ይዳሰሳል። አየሩ ሲበዛ ሰውየው ጠንካራ ኳስ ላይ ይቀመጣል፤ ሲያንስ አጥንቱ ወለሉን ይነካል። ፈተናውን ተጠቃሚው ወይም አስታማሚው እንዲማረው ማድረግ ተገቢ ነው፤ ልኩን መወሰኑ ግን የአካሚው ነው።

ፍጥነትም ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ብዙ ተጠቃሚ «ትንሽ ፈጠን አድርግልኝ» ይላል። በብሪታኒያ የእግረኛ መንገድ ላይ የዊልቸር ፍጥነት በሰዓት ከ4 ማይል፣ ማለትም ከ6.4 ኪሎ ሜትር፣ እንዳያልፍ ሕጉ ይወስናል፤ አስፋልት ላይ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው ዓይነቶች እስከ 8 ማይል ይሄዳሉ። ከሕጉ በላይ ግን የሰውየው አካል አለ። መነሻ ፍጥነቱን ሲጨምሩት ወገቡ ያልጸናው ሰው ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ማቆሚያውን ሲያጠነክሩት ፊቱን ይደፋል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ የጆይስቲኩ ስሜት ሲጨምር ግድግዳ ይመታል። ፈቃድ ሲገኝ እንኳ የነበረው ቁጥር ተጽፎ ይቀመጣል፣ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ሰውየው ተቀምጦ ሰፊ ቦታ ላይ ይሞከራል።

ቤተሰብም የሚነካው አለ። ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የሚከለክሉት ትናንሽ የኋላ ጎማዎች ደፍ ላይ እያስቸገሩ ስለሚይዙ ይነቀሉና ጥግ ይጣላሉ። ቴክኒሻኑ ሲያገኛቸው ዝም ብሎ መልሶ መግጠም አይበቃውም፤ ለምን እንደተነቀሉ ጠይቆ ለደፉ መወጣጫ እንዲሠራ ካልነገረ፣ እሱ ሲወጣ ተመልሰው ይነቀላሉ።

የሰው ቤት መግባት

ወደ ሰው ቤት የሚገባ ባለሙያ መታወቂያ ያሳያል፣ እጁን ያጸዳል፣ የነካውን ያብሳል። ሰላምታውም ጥያቄውም በቅድሚያ ለዊልቸሩ ባለቤት ነው፤ አጠገቡ ለቆመው አስታማሚ አይደለም። ዊልቸር ከመንካት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል። ጠግኖ መመለስ ጊዜ የሚፈጅ ከሆነ ምትክ ሳይሰጥ ዊልቸሩን ይዞ መሄድ ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ማሰር ነው። ሲጨርስ የሠራው፣ ያልሠራውና የሚቀጥለው ቀጠሮ ተጽፎ ይቀራል። ያልተጻፈ ጥገና ቀጥሎ ለሚመጣው ባልደረባ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ወደ አገር ቤት የሚላከው ዊልቸር

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ 80 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዊልቸር እንደሚያስፈልጋቸው ይገምታል፤ ብዙዎቹ አያገኙም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ዊልቸር ማቅረብን በ8 ደረጃዎች ከፍሎታል፤ ከሪፈራልና ከቀጠሮ ተነሥቶ የመጨረሻው ደረጃ ክትትል፣ እንክብካቤና ጥገና ነው። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 የግል እንቅስቃሴን እንደ መብት ያስቀምጣል። መብቱ ጥገናን ካልጨመረ የሚቆየው የመጀመሪያው ጎማ እስኪፈነዳ ነው።

ከዘመድ የሚላከው ዊልቸር ብዙ ጊዜ የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። አንደኛው ቻርጀሩ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ትጠቀማለች። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ «100-240» ተብሎ ከተጻፈ ሁለቱም ጋ ይሠራል፤ 120 ብቻ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። ሁለተኛው ባትሪው ነው። በመርከብ ለወራት ባዶውን የተጓዘ ባትሪ ሲደርስ የሞተ ነው፤ ሞልቶና ገመዱ ተላቅቆ መላክ አለበት። በአውሮፕላን ከሆነ የባትሪው ዓይነት አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ይነገራል።

ሦስተኛው ጎማው ነው። የብዙ ዊልቸሮች የኋላ ጎማ «24» የሚል ጽሑፍ አለው፤ የብስክሌትም ጎማ «24» ይላል። ግን የዊልቸሩ ጎን ላይ 540፣ የማውንቴን ብስክሌቱ ላይ ደግሞ 507 የሚል ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩ ጎማው የሚቀመጥበት የክቡ ብረት ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው፤ 33 ሚሊ ሜትር የሚበላለጡ ጎማዎች አይገጣጠሙም። ጎሚስታ ጋ ከመሄድ በፊት 24ን ትቶ ይህን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ወንበሮች ብሎንና ኩሽኔታም ብዙ ጊዜ በኢንች ስለሚለካ በሚሊ ሜትር ከሚሸጠው ጋር አይስማማም።

ይህን የተረዳ ሰው መፍትሔውን ከሌላ ጫፍ ጀመረው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ሆችኪስ እ.ኤ.አ. በ1966 በሞተር ሳይክል አደጋ ከተጎዳ በኋላ ራሱ የዊልቸር ተጠቃሚ ሆነ። ዊርልዊንድ በሚባለው ሥራው በታዳጊ አገሮች ያሉ ወርክሾፖች ሊሠሯቸው የሚችሉ፣ መለዋወጫቸው በየብስክሌት ቤቱ የሚገኝ ዊልቸሮችን ነደፈ። ንድፉ የተጀመረው «ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው።

በእኛም አገር ዕውቀቱ ተበታትኖ አለ። ጎሚስታው ካላማዳሪ ይለጥፋል፣ ብስክሌት ጠጋኙ ራጂ ይወጥራል፣ ኩሽኔታ ይቀይራል፣ የልብስ ሰፊው የመቀመጫውን ጨርቅ ይሰፋል። ለእነዚህ ዊልቸር መውሰድ ትክክል ነው። ጥንቃቄ የሚሹትም አሉ። የአሉሚኒየም ፍሬም በተራ የብረት ብየዳ አይያያዝም፤ መቆጣጠሪያው፣ የፍሬኑ ሽቦና የመቀመጫው ልክ ካልሠለጠነ ሰው እጅ መራቅ አለባቸው። በአዲስ አበባ ያገለገሉ ዊልቸሮችን የሚጠግነው አዲስ ጉዞ የተባለው ድርጅት ሥራው እዚሁ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። የሚጎድለው በየከተማው መኖሩ ነው።

ውጭ አገር ሆነው ዊልቸር ለመላክ ያሰቡ ወገኖች ከመላካቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሰውየው ተለክቷል ወይ? መለዋወጫው የት ይገኛል? ሲቆም ማን ይመጣል? መልስ የሌለው ጥያቄ ካለ ከአምስት ዊልቸር አራቱን ልከው በአምስተኛው ዋጋ ባትሪ፣ ጎማ፣ ኩሽኔታና የአንድ ወጣት ሥልጠና ይግዙበት። የሙያ ኮሌጆችም ኤሌክትሪክና አውቶ መካኒክ ለሚያስተምሯቸው ልጆች ይህን ዘርፍ ቢጨምሩ ከዜሮ አይነሡም፤ 24 ቮልት፣ ሞተርና ፍሬን ቀድሞም በትምህርታቸው ውስጥ አሉ። የሚታከለው ማሽኑ ላይ የተቀመጠውን ሰው ማየት መማር ነው።